ከማሽኖቹ በላይ የሚሰማ ድምፅ

ድምፆች ከሸማኔዋ ቤት የወጡት እንደ ጨዋ እንግዳ አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ነው። መጀመሪያ የወፎቹ ሄደ። ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ክዳን፣ ከዚያ ዝናቡ፣ ከዚያ የበር ማንኳኳት። ዕድሜውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሽመና ማሽኖች መካከል ቆሞ የኖረ ሰው ጆሮው ከራሱ ቀድሞ ጡረታ ይወጣል። ሸማኔዋ ይህን ታውቃለች፤ ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለልጇም ጭምር።

ማንም አላወቀባትም፤ ሸማኔ ድሮም የሚሰማው በዐይኑ ነውና። ማሽኖቹ በሚያገሡበት አዳራሽ ውስጥ ቃል አይሻገርም። ሴቶቹ ከማሽን ማሽን የሚያወሩት ከንፈር ለከንፈር እየተያዩ ነበር፤ ሐሜቱም፣ ምክሩም፣ የባል አመሉም በዚያው መንገድ ያልፋል። ነገር በዐይን ይገባል የሚለው ተረት ለእነሱ የተተረተ ይመስላል። ስለዚህ ጡረታ ወጥታ ጆሮዋ ጭራሽ ሲዘጋም ከሰው ጋር እየሳቀች፣ እየመለሰች፣ እየተሟገተች ትኖር ነበር። ሰው ፊቱን ካላዞረባት በቀር ነገር አያመልጣትም። ጎረቤቶቿ እንዲያውም "እሷ ሳትሰማ የሚታማ የለም" ይሏታል።

ከንፈር ለማንበብ ግን መተያየት ያስፈልጋል፤ ክር ደግሞ ጀርባ ለጀርባ እንደሆኑም ይበጠሳል። ለዚህ ሴቶቹ ጥሪ ነበራቸው። ቃል የሌለው፣ ከሆድ የሚወጣ አንድ ረዥም ድምፅ ነው፤ ከማሽኖቹ በላይ አልፎ አዳራሹን ይሻገራል። እያንዳንዷ የራሷ ነበራት። የሸማኔዋ ከታች ይነሳል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ሳይነቃነቅ እዚያው ይቆያል። "ክሬ ተበጥሷል፣ ድረሽልኝ" ማለት ነው። የሰማች ሴት እጇን ከራሷ በላይ ታነሳለች፤ የጠራችው እጁን ስታይ አንዴ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አለቀ። እጅ ሳያዩ ወደ ሥራ መመለስ ነውር ነበር።

ልጇ ያደገችው በዚያ አዳራሽ በር ላይ ነው። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መሄጃዋ እናቷ ዘንድ ብቻ ነበር፤ ልጅ ደግሞ ደፉን ማለፍ አይፈቀድለትም። አንድ ቀን ደፉ ላይ ቆማ "እማዬ" አለች፤ ማንም አልዞረም። ደግማ አለች፤ ማንም የለም። ከዚያ ያቺን ትንሽ ደረቷን ነፋችና የእናቷን ጥሪ ራሱን ለቀቀችው፤ ከታች አነሳችው፣ አወጣችው፣ ላይ አቆመችው። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ሸማኔዋ እጇን አነሳች። ልጅቷም እንደ አሮጌ ሠራተኛ ኮስተር ብላ አንዴ ራሷን ነቀነቀች። ሴቶቹ ሥራ እስኪፈቱ ሳቁ። ሎጋ የምትባለው፣ ረዥሟ የማሽን ጎረቤቷ፣ ያን ቀን "ጥሩምባ" ብላ ስም አወጣችላት፤ እስከ ዛሬ የሚጠራት ሁሉ በዚሁ ነው።

ጥሩምባ አድጋ ድምፃዊት ሆነች። ምን ልትሆን ኖሯል? በየዓመቱ አገሮች አንዳንድ ዘፈን ይዘው የሚገናኙበት፣ ስንትና ስንት ሕዝብ በቴሌቪዥን የሚያየው ውድድር አለ፤ ለዚያ ውድድር የአገሯ ተወካይ ሆና ተመረጠች። ዘፈኑ ወንዝ ማዶ ስለቆመ ሰው ነው። መጨረሻው ላይ ግን ቃል አልነበረውም። እዚያ ቦታ ልጅቷ የእናቷን ጥሪ አስገብታበት ነበር። ቤት ውስጥ ስትለማመድ ሸማኔዋ ጀርባዋን ቁም ሳጥኑ ላይ ታስደግፋለች፤ ጥሪው በእንጨቱ አልፎ በጀርባዋ ይገባና ደረቷ ውስጥ ቁጭ ይላል።

"ሰማሽኝ?" ትላለች ልጅቷ።

"ሰማሁሽ" ትላለች እናት። ውሸት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ጉልበቷ ላይ አርፎ ሸለብ ሲያደርጋት ደግሞ ሁሉንም ትሰማለች። ሕልሟ ሁሌ አንድ ነው። አዳራሹ ሰው የለበትም፤ ማሽኖቹ ግን ይሠራሉ። ነጩ ጨርቅ ከየማሽኑ እየፈሰሰ በመስኮት ይወጣል፣ በጣራዎች ላይ ያልፋል፣ መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ማለቂያ የለውም። የሄዱት ድምፆች ሁሉ ጨርቁ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ወፎቹ፣ ማንቆርቆሪያው፣ ዝናቡ። በመጨረሻ ከሩቅ ጥሪው ይመጣል። እጇን ልታነሳ ስትል ትነቃለች። እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ቤቱም ጭር ብሏል። ሕልም እልም የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን ወደ አቀናባሪው እንምጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልመስክርለት። የዘፈኑን ሙዚቃ የሠራው እሱ ነው፤ ልጅቷንም ከብዙዎች መካከል የመረጣት እሱ ነው። ግን ጥሪውን ፈራው። አውጪው አላት፤ አላወጣም አለች። ከብዙ ንትርክ በኋላ ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በለሆሳስ አድርጎ አቀናበረውና በስልኳ ላከላት። ጥሪው በነበረበት ቦታ ሙዚቃው ይቆማል፤ እሷም "ና" የምትል አንዲት ቃል በትንፋሽ ብላ ታበቃለች። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ወደ እናቷ መጣች።

"እማዬ፣ አዲስ ቅንብር ነው። ምንም አልነግርሽም፤ ራስሽ ሰምተሽ ፍረጂ። አንቺ ያልሽው ይሆናል።"

ሸማኔዋ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ስልክ እንደ ቁም ሳጥን አይደለም፤ አይንቀጠቀጥም፣ ከንፈርም የለውም። ለካ በዚህ ዓለም ላይ ልታታልለው የማትችለው ዕቃ ይሄ ኖሯል። ሰዎች ዘፈን ሲያደምጡ እንደሚያደርጉት ዐይኗን ጨፈነች፤ ራሷንም ወዘወዘች። አሁን ብነግራት አትሄድም፣ እኔን ጥላ አገር አትሻገርም ብላ አሰበች። ውሸት ያበዛ ሰው ደግሞ ምን ጊዜም ጨው ይጨምርበታል።

"ማር ነው" አለች። "እንዲያውም ከፊተኛው ይበልጣል።"

"ከፊተኛው?"

"በብዙ።"

ልጅቷ ጥቂት አየቻት። ከዚያ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች፤ ፊቷን ሸማኔዋ ማንበብ አልቻለችም። ቀና ስትል "ይሁን በቃ" ብቻ አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ከጉዞው በፊት የመጨረሻው ልምምድ ላይ እናቷን ወደ ስቱዲዮ ይዛት ሄደች። ሸማኔዋ እንዲህ ያለ ክፍል አይታ አታውቅም። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ ብርሃኑ የደከመ ቢጫ ነው። ሁሉም ሰው በእግር ጣቱ የሚሄድ ይመስላል። እሷ ለብቻዋ የምትኖርበትን ዝምታ አንድ ሰው በገንዘብ ያሠራው መሰላትና ሳቋ መጣ። በወፍራም መስታወት ማዶ ልጇ ማይክ ይዛ ቆማለች። በዚህ ወገን አቀናባሪውና ቴክኒሽያኑ ብዙ ቁልፍ ያለበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል፤ ለእሷም ከጎናቸው ወንበር ሰጧት።

ልጅቷ መዝፈን ጀመረች። ሸማኔዋ መጀመሩን ያወቀችው ከቴክኒሽያኑ ጣቶች ነው። የልጇ አፍ አይታይም፤ ማይኩ ከንፈሯ ላይ ተለጥፏል። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ እንጨቱ ዝም ብሏል። የስፒከሩን ጎን ነካች፤ እሱም ዝም። ጥሪውን ጠበቀች። ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ ልጅቷ ማይኩን አውርዳ "እንዴት ነው?" ብላ በዐይኗ እስክትጠይቅ ድረስ ጠበቀች። ዘፈኑ አልቆ ነበር።

አቀናባሪው ወደ ቴክኒሽያኑ ዞረ። ሸማኔዋ ከንፈሩን አነበበች፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ቢሆንም ዐይን ግን ባዳ አይደለም።

"ተመስገን ነው" ይላል። "ያንን ረዥሙን ካላልኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ስታደርቀኝ ነበር። እናቷ ናቸው የገላገሉኝ። ይሄኛው ይበልጣል አሏት፣ ተወችው።"

ሸማኔዋ እጇን አየችው፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ያን ጥሪ ከአዳራሽ፣ ከማሽን፣ ከዕድሜም ያተረፈችው ልጇ ናት፤ የቀበረችው ግን እሷ ራሷ፣ በአንድ "ማር ነው"።

ተነስታ ከባዱን በር ገፋችና ወደ ልጇ ገባች። አቀናባሪው "እናቴ፣ እዚያ አይገባም" እያለ ተከተላት፤ ግን ከኋላዋ ነበርና አልሰማችውም።

"ያን ዘፈን አልሰማሁትም" አለች።

"የቱን?" አለች ልጅቷ።

"በስልክ ያሰማሽኝን። ይሄንንም አሁን የዘፈንሽውን። ምንም አልሰማሁም። ጆሮዬ ከተዘጋ ቆየ፤ የማይሰማኝን ነገር ሁሉ ማር ነው እያልኩ ነው የምኖረው።"

ልጅቷ ማይኩን ቀስ ብላ ቦታው ላይ ሰቀለችው። ለመናገር ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ተወችው። ሸማኔዋ ያንንም አነበበችው።

"የማንቆርቆሪያውን አውቅ ነበር" አለች ልጅቷ በመጨረሻ። "እንፋሎቱን አይተሽ እንደምትነሺ አውቃለሁ። በር ላይም አምፖሉን የማበራ የማጠፋው ለዚያ ነው። የእኔን ግን አላውቅም ነበር። እኔን የምትሰሚኝ ነበር የሚመስለኝ።"

ሸማኔዋ ወደ ልጇ ተጠጋች። "አንቺንማ እሰማሻለሁ፣ ልጄ። በጀርባዬ፣ በእጄ፣ በደረቴ። ስትጠሪ እሰማሻለሁ። ማይኩን ከንፈርሽ ላይ ስትለጥፊው ግን ያለሽም አይመስለኝ። ስትጠሪ ክንድሽ ይወርዳል፣ አፍሽ ይከፈታል፤ ያኔ ቴሌቪዥን ውስጥም ብትሆኚ ታየኛለሽ።"

አቀናባሪው በሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ወንበር ስቦ ሸማኔዋን አስቀመጣት፤ እሱም እንድታየው ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። ክፉ ሰው አይደለም አላልኳችሁም?

"እናቴ፣ ድምፅ የላትም አላልኩም" አላት። "ግን ይህን ውድድር እኔ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ከየአገሩ ረዥም ቀሚስ የለበሰች ሴት ትመጣለች፤ ማራገቢያ ፀጉሯን ይበትነዋል፤ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትጮኻለች። ሰው ሰለቸው። አሁን የሚደመጠው ጆሮ ሥር የሚወራ ዘፈን ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?"

"ወርቅ ከሆነ ዘፈን ምን አሠራህ፣ ልጄ?"

ከመስታወቱ ማዶ ቴክኒሽያኑ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ሽቦዎቹ አጎነበሰ። አቀናባሪው ግን አልሳቀም።

"ባለፈው ውድድር ይዣት የሄድኩት ልጅ ከፍ ያለው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ። ያቺን ቁራጭ እስከ ዛሬ በየስልኩ እየተቀባበሉ ይስቁባታል። ከዚያ ወዲህ ዘፍና አታውቅም። ልጅዎ ላይ ይህ እንዲደርስ ይፈልጋሉ?"

ሸማኔዋ ልጇን አየች፤ ልጅቷ ወለሉን ታያለች። ለካ የፈራው እሱ ብቻ አይደለም።

"አልፈልግም" አለች። "ግን ልጠይቅህ። ጆሮ ሥር የሚያወሩት ለማን ነው? ለቀረበ ሰው ነው። እኔም ይህችን ልጅ ሳስተኛ አልጮህኩባትም። እዚያ የምትሄዱበት ሕዝብ ግን ሩቅ ነው፤ ቋንቋችንንም አያውቅ። ቃሉን ካላወቀ ከእኔ በምን ይሻላል? እሱም እንደ እኔ ደንቆሮ ነው። ደንቆሮን በሹክሹክታ አትደርስበትም፤ ደረቱን መንካት አለብህ። ሰው ሰለቸው ያልከው ጩኸት ነው። መጮህ ሌላ ነው፣ መጣራት ሌላ። የሚጮህ ሰው ድምፁን ያሳያል። የሚጣራ ሰው ግን እዚያ ማዶ አንድ ሰው እንዲዞርለት ነው፤ ቢሰበርም ይሰበራል እንጂ አያፍርም። ስንት ጊዜ ተሰብሮብኛል። የሰማችኝ ሴት ግን እጇን ታነሳለች።"

"የምን እጅ?" አለ አቀናባሪው።

"የፋብሪካ ነገር ነው" አለች ልጅቷ። አሁንም ቀና አላለችም።

አቀናባሪው አገጩን አሸ። "ሙዚቃው ለውድድሩ ተልኳል፣ አይለወጥም" አለ። "ዘፈኑ እንደዚሁ ነው የሚቀርበው፤ እኔ የምመክረው ይሄንኑ ነው። ግን መድረክ ላይ አፏን ልይዝላት አልችልም።"

የሄደች ቀን አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ልጅቷ በመስኮቱ ተመለከተቻት። መስታወቱ ተዘግቷል፤ ለእነሱ ግን መስታወት ምናቸው ነው? "እንጃ፣ እማዬ" አለች በከንፈሯ። "እፈራለሁ።" አውቶቡሱም ሄደ።

ስለ ውድድሩ ውጤት አሁኑኑ ነግሬአችሁ ልገላገል፤ አላሸነፈችም። ከመሀል ትንሽ ከፍ ብላ ነው የጨረሰችው። አቀናባሪው ዛሬም ቢሆን "በለሆሳስ ቢሆን ኖሮ" ይላል። ይበል። የሸማኔዋ ጉዳይ ከነጥብ ጋር አልነበረም።

ያን ምሽት ሎጋ ራት ሳትበላ መጣች። ሎጋ በአንድ ጆሮዋ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች፤ በዚያች ትንሽ ታጥቃ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፤ ከሁለቱ አንዷም አልሰማችም። ቴሌቪዥኑ የተቀመጠው ብርጭቆዎች ባሉበት የእንጨት ቡፌ ላይ ነው። ሸማኔዋ ወንበሯን አስጠግታ መዳፏን ቡፌው ላይ አሳረፈች። ከመስኮቱ ውጪ ሰማዩ ገና ደብዘዝ እያለ ነበር፤ ቤቱን የሞላው የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን ሰዉንም ዕቃውንም ውኃ ውስጥ ያለ አስመሰለው። ዘፋኞች ተራ በተራ መጡ። ቀሚሶች ተውለበለቡ፣ ጭስ ተነሳ፣ ወረደ። ሸማኔዋ ነቅታ ይሁን ተኝታ እርግጠኛ አልነበረችም።

"መጣች" አለች ሎጋ፣ የሸማኔዋን እጅ ጨብጣ።

ልጅቷ ብቻዋን ቆማለች። ነጭ ለብሳለች። ማይኩ ከንፈሯ ላይ ነው።

ሸማኔዋ አየች፤ ምንም አላነበበችም። በመዳፏ በኩል የከበሮው ምት ብቻ ይመጣል፤ ከሩቅ ቤት እንደሚወቀጥ ነገር። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ፤ ማይኩ አልተነቃነቀም። ሁለተኛው አለፈ። ካሜራው ቀርቦ የልጇን ዐይኖች አሳያት፤ ያው በአውቶቡስ መስኮት ያየቻቸው ናቸው፤ ይፈራሉ። ሸማኔዋ ትፍራ፣ ደግ ነው፣ ሳይስቁባት ትመለስልኝ ብላ ለራሷ ነገረች። ግን አላመነችበትም። እንባዋ መጣ።

ከበሮው ቆመ። አቀናባሪው ለአንዲት ቃል ብቻ ባዶ የተዋት ቦታ ላይ ደርሰዋል።

ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነች። ክንዷ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ማይኩ ደረቷን አለፈ፣ ወገቧ አጠገብ ደረሰ። አፏ ተከፈተ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ብርጭቆዎቹ ናቸው። ከዚያ ቡፌው ራሱ፣ ከዚያ መዳፏ፣ ክንዷ፣ ደረቷ። ከታች ተነሳ፤ ቀስ እያለ ወጣ። አንድ ቦታ ላይ ሳሳ፤ ክር ሊበጠስ ሲል እንደሚሳሳው። ሎጋ የሸማኔዋን ጭን ያዘች። የልጅቷ ጉሮሮ ሲርድ በስክሪኑ ታየ፤ ሊሰበር ነው። አልተሰበረም። አለፈውና ላይ ወጥቶ ቆመ፤ እዚያው ቆየ። ሸማኔዋ የወፎቹን፣ የማንቆርቆሪያውን፣ የዝናቡን ቦታ ሁሉ ሲሞላው ተሰማት።

ሲያበቃ አዳራሹ ተነሳ። ልጅቷ ግን እጅ አልነሳችም፣ ፈገግም አላለችም። ቀጥ ብላ ካሜራውን እያየች ቆመች። ዳኞቹ ጭብጨባው እንዲረዝምላት የምትጠብቅ መስሏቸው ይሆናል። እጅ ሳያዩ ወደ ሥራ መመለስ ነውር መሆኑን እነሱ በምን ያውቃሉ?

ሎጋ እጇን አነሳች። ሸማኔዋም አነሳች፤ እስከ መጨረሻው፣ ከራሷ በላይ። ቀና ብላ አየችው። ጭኗ ላይ አይደለም፤ ላይ ነው ያለው። አልተኛችም ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። ልጅቷ ገና ትጠብቃለች። አፍታ ቆይታ፣ እንደ አሮጌ ሠራተኛ ኮስተር ብላ፣ አንዴ ራሷን ነቀነቀች።